ያለ ክር የሰፋሁት ወረቀት

ወረቀት ሥራ ከመግባቴ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። መቱ ውስጥ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ማተሚያ ቤት በረንዳ ላይ የእግር መኪናዬን አስቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። የበረንዳው ባለቤት የማተሚያ ቤቱም ባለቤት ናቸው። አባታቸው ከአጋሮ ለቡና ንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ማተሚያ ቤት ይባል እንጂ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒና ባለ እጀታ የወረቀት መቁረጫ ያለበት አንድ ክፍል ነበር። የሠርግ ካርድ፣ የዕድር ደብተር፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የሱቅ ማስታወቂያ ይታተምበታል። የመንግሥት ሥራ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ወዲህ አብዛኛው ሥራ በሁለት ቋንቋ ነው የሚታዘዘው፤ ላዩ በቁቤ፣ ታቹ በአማርኛ።

ወደ ውስጥ የገባሁት በመቁረጫው ምክንያት ነው። አንድ ቀን ጋሼ የሠርግ ካርድ ሲቆርጡ ጠርዙ እየተንጋደደባቸው ሲቸገሩ አይቼ፣ ልሞክረው ብዬ ጠየቅኳቸው። ጨርቅ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ የለመደ እጅ ለወረቀትም ያው ነው። ካርዱን ሁሉ ቆረጥኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ሲበዛ መጥራት ጀመሩ፤ ቆይተውም የኮምፒውተር ጽሑፍ አስተማሩኝ። ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ስለማነብ ፊደል የማርመው እኔ ሆንኩ። ዓመት ሳይሞላ መኪናዬ ከበረንዳው ወደ ክፍሉ ጥግ ገባ፤ ጠዋት ወረቀት፣ ከሰዓት ልብስ እየሠራሁ ቆየሁ።

ከደንበኞቻችን አንዷ የሁሩሙ ወረዳ ሴቶች የማር ማኅበር ሰብሳቢ ነበሩ። ወንዶቹ ከዛፍ ላይ ቀፎ እያወረዱ የሚያመጡትን ማር ሴቶቹ አጥርተው በብርጭቆ ማሰሮ ያሽጉና አዲስ አበባ ላለ አንድ ባለ ሱቅ ይልካሉ። በማሰሮው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የምናትምላቸው እኛ ነን። እትዬ እላቸዋለሁ። ቁመተ ረጅም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው የሚያስሩ፣ ዓይን ዓይን እያዩ የሚናገሩ ሴት ናቸው።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ገና ሳይደርቅ፣ እትዬ ገቡና አንድ ማሰሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሰላምታውንም በቅጡ አልጨረሱም። ወረቀቱ የእኛ ነው። ክዳኑም የእነሱ ነው። ከፍተው በማንኪያ አስቀመሱን። ጋሼ ቀምሰው ማንኪያውን ለእኔ አቀበሉኝ፤ እኔም ቀመስኩ። ስኳር ነው፤ ያውም ውኃ የበዛበት።

ባለ ሱቁ መልሶ የላከው ዕቃ ነበር። ደንበኞቹ አጉረምርመውበታል፤ እሱም ከእንግዲህ የሁሩሙ ማር አልፈልግም ብሎ አስነግሯቸዋል። እትዬ ያጣሩትን ማር ያውቁታል፣ ማን እንዳሸገውም ያውቃሉ። ግን ማሰሮው በብዙ እጅ ያልፋል፤ ሚኒባስ አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ መጋዘን አለ። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ማሩን ገልብጦ ወስዶ ስኳር ሞልቶበታል። ያንን ደግሞ ማረጋገጥ አይችሉም፤ ክዳኑ እንደተከፈተ የሚናገር ነገር የለማ።

ከሁሉ የከበዳቸው የማኅበሩ ሴቶች እርስ በርስ መተያየት መጀመራቸው ነበር። የማን ቀን ነበር፣ ማን ነው ያሸገችው የሚል ወሬ ተነስቷል። ያንን ሲነግሩን ድምፃቸው ቀነሰ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ጋሼን ትተው ወደ እኔ ዞረው፤ «ከተነካ መነካቱን የሚናገር ወረቀት አይሠራም?»

ይሠራ አይሠራ አላውቅም ነበር። እሞክራለሁ አልኳቸው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ሁሉም ሰው የሚያስበውን ነው። ጠንካራ ወረቀት፣ ጠንካራ ማጣበቂያ። ጋሼ ከአዲስ አበባ ያስመጡት የሚያብለጨልጭ ስቲከር ነበር፤ ጀርባውን ልጠው የሚለጥፉት፣ በእጅ ቢጎትቱት የማይቀደድ። ከእሱ ረዘም ያለ ቁራጭ ቆርጬ ከማሰሮው ትከሻ ተነስቶ ክዳኑን ተሻግሮ በሌላው ወገን እንዲወርድ አድርጌ ለጠፍኩት። ደስ ብሎኝ ለጋሼ አሳየኋቸው። ጋሼ አገላብጠው አዩትና፣ እኔ ራሴ የሠራሁትን እኔው ብፈትነው ፈተና እንደማይሆን፣ ከእኔ የተሻለ እጅ ላለው ሰው መስጠት እንዳለብኝ ነገሩኝ።

ከመንገዱ ማዶ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ሰው ነበር። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በወረንጦ ይዞ ሲበይድ እጁ አይንቀጠቀጥም። ማሰሮውን ወስጄለት፣ ሳይታወቅብህ ክፈተው አልኩት። ምንም ሳይጠይቀኝ ሞባይል የሚያሞቅበትን ሞቃት አየር የሚተፋ መሣሪያ አንስቶ ስቲከሩን ዳር ዳሩን አሞቀው፣ በወረንጦ ጫፉን ያዘ፣ ቀስ ብሎ እንደ ሙዝ ልጣጭ ላጠው። ሙሉውን፣ ሳይቀደድ። ክዳኑን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ለጠፈው። አንድ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ አልቆየም።

ቅር እያለኝ ተመለስኩ። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን አንድ ነገር ገባኝ። ያሸነፈኝ የወረቀቱ ጥንካሬ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ነው ሙሉውን የተነሳው። እኔ የምፈልገው ማጣበቂያው ጠንክሮ ወረቀቱ ደካማ እንዲሆን ነው፤ ሲነካ እንዲሞት።

ጋሼ አሮጌ ሣጥን ውስጥ ከታይፕ ዘመን የቀረ፣ ቅጂ ይወጣበት የነበረ ስስ ወረቀት ነበራቸው። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ የሚጠይቀው ሰው ስላልነበረ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። እሱን በኮላ ለጠፍኩት። ኮላው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ከብርጭቆው ጋር አንድ አካል ሆነ። በጥፍር ቢሞክሩት ብጥስጥስ ይላል። ለጠጋኙ ወሰድኩለት። እሱም ጀበናውን ምድጃ ላይ ጥዶ ማሰሮውን እንፋሎቱ ላይ ያዘው፤ ኮላው ለሰለሰ፣ ወረቀቱም በትዕግሥት ተነሳለት። ሲመልስልኝ ትንሽ አዘነልኝ መሰለኝ፣ በጣም ቀርበሻል አለኝ።

እንፋሎት ከሆነ ጠላቴ፣ እንፋሎት የሚያሳብቅበት ነገር ላድርግበት ብዬ አሰብኩ። የማኅተም ቀለም፣ ያ ሐምራዊው፣ ውኃ ሲነካው ይፈሳል። በእሱ መስመር አሰመርኩበት። ጠጋኙ በእንፋሎት ሲሞክረው ቀለሙ ተዝረክርኮ ወረቀቱ እንደ ቁስል ሆነ። አሸነፍኩ አልኩ። ለእትዬ ደወልኩላቸው፤ መጥተው ለአንድ ሙሉ ጭነት የሚበቃ ወሰዱ።

የረሳሁት የምንኖርበትን አገር ነው። ኢሉባቦር ዝናብ ሲጀምር ጨው በሳህኑ ላይ ይቀልጣል፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ይሻግታል። በሳምንቱ እትዬ ወደ ሁሩሙ ጠሩኝ። ማሰሮዎቹን የደረደሩበት ክፍል ስገባ አንድም ሰው ያልነካቸው፣ ገና ከቤት ያልወጡ ማሰሮዎች ሁሉ በሐምራዊ ቀለም ተለውሰው አገኘኋቸው። እርጥበቱ ብቻውን አፍስሶታል። ሴቶቹ ቆመው ያዩኛል። የምገባበት ጠፋኝ። እንዲያው ይቅርታ እያልኩ ጨርቅ አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ። እትዬ አልተቆጡም። ከጎኔ ቁጭ ብለው እኩል ሲጠርጉ ቆዩ፤ ጠርገን ስንጨርስ፣ እሳቸው በመጀመሪያው ዓመት ያጣሩት ማር ተበላሽቶባቸው እንደደፉት አጫወቱኝ። መቼ መልሰሽ ታመጪልኛለሽ ብቻ ነው ያሉኝ።

መልሱ የመጣው ከልብስ መኪናዬ ነው። አንድ ከሰዓት የሸሚዝ ኮሌታ በወረቀት ልኬት ላይ አድርጌ ስሰፋ ክሩ ማለቁን ሳላውቅ መርገጤን ቀጠልኩ። ጨርቁን ሳነሳው ስፌት የለም፤ ከሥሩ የነበረው ወረቀት ግን መርፌው በወጋው መስመር ላይ ነካ ሳደርገው ለሁለት ተከፈለ። ኮሌታውን አስቀምጬ ያንን ወረቀት ብዙ ጊዜ አየሁት። ከዚያ ስሱን ወረቀት አመጣሁና ያለ ክር ሰፋሁት። አንድ መስመር ቁልቁል፣ አንድ መስመር አግድም፣ አንድ እየተጠማዘዘ የሚሄድ። ሳይለጠፍ በፊት ሲይዙት የሚበተን ይመስላል፤ በጣም መጠንቀቅ ይፈልጋል። ከተለጠፈ በኋላ ግን የሚያነሳው የለም። ደረቁን ሲጎትቱት በየቀዳዳው ይበጣጠሳል፣ በእንፋሎት ሲያርሱት እንደ ራሰ እንጀራ ቁርጥራጭ እየሆነ በጣት ላይ ይቀራል። ክፍል ውስጥ ያለው እርጥበት ግን አይጎዳውም፤ የሚፈስ ቀለም የለበትማ።

ጠጋኙ ይህን ሲያይ ወንበሩን ወደ ብርሃን አስጠጋ። ማንሳቱን ተወው። ምላጭ አወጣና ክዳኑና ብርጭቆው በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ ወረቀቱን በቀጭኑ ቆረጠው። ከፍቶ ዘጋው፤ የተቆረጠውን በኮላ ጠብታ መልሶ አጋጠመው። ለአፍታ ተሸነፍኩ ብዬ ነበር። ግን ኮሌታ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተቆረጠ ነገር ሲመለስ ትንሽ ይዛነፋል። ባዶ ወረቀት ላይ ያ መዛነፍ አይታይም። መስመር ካለበት ግን ይታያል።

በማግስቱ በኮምፒውተሩ ቀጫጭን መስመሮችን ሠራሁ፣ በጣም የተቀራረቡ፣ ወደ ጎን ያዘነበሉ። በመስመሮቹ መሃል በደቃቅ ፊደል የሁሩሙን ስም በሁለቱም ቋንቋ ደጋግሜ ጻፍኩበት። ያንን በስሱ ወረቀት ላይ አተምኩና በመርፌ ወጋሁት። ምላጭ ቆርጦ ሲያጋጥመው መስመሩ የተሰበረ ደረጃ ይመስላል።

ጠጋኙ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ ወደ እኛ መጣ። ጋሼም ነበሩ፣ እትዬም ከሁሩሙ መጥተው ነበር። አራት ማሰሮ ሰጠነው። በሙቀት ሞከረ፣ በእንፋሎት ሞከረ፣ በነጭ ጋዝ አርሶ ሞከረ፣ በምላጭ ሞከረ። እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የጠጋኙን ጣቶች ብቻ ያያሉ። አራተኛውን ማሰሮ ካስቀመጠ በኋላ ወረንጦውን በጨርቅ ጠረገና ኪሱ ከተተው።

«ይሄን አልችለውም» አለ። «እኔ ካልቻልኩት ደግሞ እዚህ መንገድ ላይ የሚችለው ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ጋሼ ሳቁ። ሲስቁ ብዙም አይቻቸው አላውቅም። እኔ ያደረግኩት ነገር ቢኖር የመኪናዬን መርፌ ነቅዬ ማየት ነው፤ ወረቀት መርፌ ያደንዛል፣ ጫፉ ዱልዱም ሆኖ ነበር።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። እኔ አትማለሁ፣ እወጋለሁ፣ ጋሼ ይቆጥራሉ፣ እትዬ በካርቶን ይዘውት ይሄዳሉ። ሁሩሙ ላይ ሴቶቹ በሁለት ጣት እንዴት እንደሚያነሱት፣ ኮላውን በብሩሽ እንዴት ስስ አድርገው እንደሚቀቡት አሳየኋቸው። አንዷ የአራስ ልጅ ጥፍር መቁረጥ ይመስላል አለች። በየወረቀቱ ላይ ያሸገችው ሴት የራሷን ምልክት በእስክሪብቶ ታደርግበታለች፤ ይህ የእትዬ ሐሳብ ነበር፤ ያ ወሬ ዳግም እንዳይነሳ።

እትዬ ባለ ሱቁን ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ጭነት እንዲቀበላቸው ለመኑት። እሺ አለ፤ ግን በልቡ አላመነም። የወረቀቱን ነገር አስረዱት፤ መስመሩ ሙሉ ከሆነ ከእኛ እጅ እንደወጣ ነው፣ ከተሰበረ ግን መንገድ ላይ ተከፍቷል አሉት። ማሰሮዎቹ ከሁሩሙ ተጭነው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን እትዬ እኛ ዘንድ ሆነው ስልካቸው ጠራ። ባለ ሱቁ ነበር። እትዬ ጆሯቸው ላይ አድርገው ጥቂት ከሰሙ በኋላ ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ እኛም እንድንሰማ።

ከካርቶኖቹ አንዱ ተከፍቶ እንደነበር፣ በውስጡ ካሉት የአራት ማሰሮዎች ወረቀት መበጣጠሱን፣ ሁለቱን በኮላ ለመመለስ ተሞክሮ መስመሩ እንደተዛነፈ ነገራቸው። የቀሩትን አንድ በአንድ እንዳያቸው፣ ሁሉም እንደነበሩ መሆናቸውን፣ ከፍቶ እንደቀመሰም ተናገረ። አራቱን ለይቶ አስቀምጧል፤ ሌላውን መሸጥ ጀምሯል። ከዚያ ያን ጊዜ እናንተን በመጠርጠሬ ይቅርታ አድርጉልኝ አለ።

እትዬ «ይቅር ብለናል» ብለው ዘጉት። ነጠላቸውን ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉበት። ከዚያ እኔን በክንዴ ይዘው ሚኒባስ አሳፈሩኝና ሁሩሙ ወሰዱኝ። ሴቶቹ ተሰብስበው ነበር። እትዬ በአፋን ኦሮሞ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወሩላቸው፤ ማን ምን እንዳለ፣ ጠጋኙ ምን እንደሞከረ፣ ባለ ሱቁ እንዴት ይቅርታ እንደጠየቀ። ከመካከላቸው ያ ወሬ ከሁሉ በላይ ያረፈባት አንዲት ሴት ነበረች፤ ስኳር የተሞላበት ማሰሮ በእሷ ቀን የታሸገ ነው ተብሎ። እሷ ተነስታ መጣችና እጄን ይዛ ሳመችው። «ገለቶሚ» አለችኝ፤ ምስጋና ነው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ወሬው ከሁሩሙ አልፎ ሄደ። የያዮ ማር ሻጮች መጡ፣ ቆልተው ፈጭተው የሚያሽጉ የቡና ነጋዴዎች መጡ። ኡካ ከተማ ያሉ አንድ የጨረታ ኮሚቴ ሰው ፖስታ የሚታሸግበት ይሠራልን ብለው መጥተው፣ በፖስታው መዝጊያ ላይ የሚሻገር ሠራሁላቸው። ከሁሉ የከበደኝ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ነበር። አንድ የሙያ ማሠልጠኛ የሰጠው ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ፎቶ እየተላጠ የሌላ ሰው ፎቶ ይለጠፍበት ነበር። ፎቶውን ከነወረቀቱ የሚያያይዝ የተወጋ ስስ ወረቀት ከላዩ አለበስኩት፤ ፎቶው ሲላጥ የባለቤቱ ፊት አብሮ ይቀደዳል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ ራሱ ሞክሮ ሁለት ምስክር ወረቀት ካበላሸ በኋላ የሥራውን ትእዛዝ ፈረመልኝ።

ከዓመታት በኋላ ጋሼ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ አንድ ጥቅል ስቲከር ይዘውልኝ መጡ። ፋብሪካ የሠራው ነው፤ ሲነኩት እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚፈረፈር። ሌላም ነበረ፤ ሲላጥ ከሥሩ ተከፍቷል የሚል ጽሑፍ የሚተው። ጋሼ ሲሰጡኝ ፊቴን ያያሉ፤ ታዝናለች ብለው ሰግተው ነበር። እኔ ግን ጥፍሬን አስገብቼ ጫፉን ሳነሳው ሳቄ መጣ። ማጣበቂያው ጠንካራ፣ ወረቀቱ ደካማ። ያ ሁሉ ፋብሪካ፣ ያ ሁሉ ማሽን የደረሰበት ቦታ እኔ በልብስ መኪና የደረስኩበት ነው።

«አልቀደሙሽም» አሉኝ ጋሼ። «ፈጠኑ እንጂ።»

አሁን የምንጠቀመው ያንን ነው። መኪናዬን ለወረቀት አላስነሳትም፤ ጉልበቴም አርፏል። መስመሩን ግን አሁንም ራሴ ነኝ የምሥለው፤ ለእያንዳንዱ ማኅበር የተለየ አድርጌ፣ አንዱ የሌላውን እንዳይወስድ። ጋሼ ሱቁን ለእኔ ትተው ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ሊያነቡ ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር ለሚያገኙት ደንበኛ ሁሉ ይህን የሠራችው እሷ ናት ይላሉ። አሁን ይበቃል እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ደስ ይለኛል።

ባለፈው ኅዳር አዲስ መለያ ላደርስ ያዮ ሄጄ ነበር። መንገዱ እንደልማዱ ጭቃ ነው፤ የመጨረሻውን በእግር ሄድኩ። ማሩ የሚጣራበት ቤት ውስጥ አንዲት ያረጁ እናት ማሰሮ ይፈትሻሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። አውራ ጣታቸውን ከብርጭቆው ወደ ክዳኑ በወረቀቱ ላይ ቀስ አድርገው ያሳልፋሉ፤ ያልተነካውን ወደ ቀኝ ያስቀምጣሉ። አንዷን ማሰሮ ግን አሳልፈው መለሱ፣ ደግመው ዳሰሱና ለብቻዋ አኖሯት። ጎንበስ ብዬ አየኋት። በጣም የደቀቀ፣ እኔ እንኳን ብርሃን ላይ ሳልይዘው የማላየው ስንጥቅ ወረቀቷ ላይ ነበረ፤ ሲደረድሯቸው ከሌላ ማሰሮ ጋር ተጋጭታ ነው። ማን አስተማረዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ጣታቸውን ከማሰሮው ላይ ሳያነሱ፣ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፣ ማስተማር አያስፈልገውም አሉኝ፤ ወደሚቀጥለውም ማሰሮ አለፉ።